ቅንነትና ትሕትና

አንድ ሰው በቅን ልቦና የሠራው ሥራ ጉዳት ቢያስከትል፣ ቅንነቱ ከወቀሳ ያድነዋልን? ጥያቄው ለመምህራነ ሃይማኖትና ለዳኞች ብቻ የሚተው ይመስላል። ይሁን እንጂ በአቴና፣ አክሮፖሊስ በተባለው ኮረብታ ላይ የቆመ አንድ የድንጋይ በረንዳም ይህንኑ ይጠይቀናል።

በረንዳው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ የታነጸው የኤሬክቴዮን ቤተ መቅደስ ክፍል ነው። ጣሪያውን በዓምድ ፈንታ የተሸከሙት ከእብነ በረድ የተቀረጹ ስድስት ቆነጃጅት ነበሩ። የጥንቶቹ ግንበኞች የሕንጻውን ድንጋዮች እርስ በርስ ያያያዙት በብረት ሲሆን፣ ውኃና አየር እንዳያገኘው ብረቱን በቀለጠ እርሳስ ይሸፍኑት ነበር።

በ20ኛው መቶ ዓመት መባቻ ኒኮላዎስ ባላኖስ የተባለ ግሪካዊ መሐንዲስ የፈራረሰውን ሕንጻ ለማዳን ተነሣ። እሱም በብረት ተጠቀመ፤ እርሳሱን ግን ተወው። ብረቱ ዛገ፤ ሲዝግ አበጠ፤ ሲያብጥም ይደግፈው ዘንድ የገባበትን እብነ በረድ ከውስጥ ሰነጠቀው። መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ሆነ።

ዛሬ ላይ ሆኖ ባላኖስን መውቀስ ቀላል ነው። ግን እጁን አጣጥፎ ቢቀመጥ ኖሮስ ሕንጻው ይድን ነበርን? እንደ እኔ አስተያየት ጥፋቱ መንካቱ አይደለም። የቀደሙትን ጥንቃቄ መተዉ፣ ለኋለኞቹም በቀላሉ የማይነቀል ሥራ ማውረሱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በረንዳውን የጠገኑት ባለሙያዎች የዛገውን ብረት አውጥተው በማይዝገው ቲታኒየም ተኩት። ከስድስቱ ቆነጃጅት አንዷ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወደ ለንደን ተወስዳ ስለ ነበር፣ የቀሩትን አምስቱን ከተበከለው አየር አሽሽተው ሙዚየም አስገቧቸው፤ በስፍራቸውም ቅጂ አቆሙ። የጎደለውን ድንጋይ ከዚያው ከጥንቱ የፔንቴሊ ተራራ በወጣ እብነ በረድ ሞሉት። የአዲሱ ንጣት ከአሮጌው ተለይቶ ይታያል። ከሁሉ በላይ ግን ነገ የተሻለ የሚያውቅ ሰው ቢመጣ፣ ጥንታዊውን ድንጋይ ሳይጎዳ የእነሱን ሥራ ማንሣት እንዲችል አስበው ሠሩ።

ይህ ከጥበብ ይልቅ ግብረ ገብነት ይመስለኛል፤ «ልሳሳት እችላለሁ» ብሎ አስቀድሞ መናዘዝ ነውና። አሮጌ ቤት የሚያድስ፣ ሕግ የሚያሻሽል፣ ልጅ የሚቀጣ ሁሉ ይኸው ኑዛዜ ይጠበቅበታል። ቅንነት ወቀሳን ያቃልል ይሆናል፤ የተሰነጠቀውን ድንጋይ ግን አይመልስም።