ለውሻ የተጋገረ ዳቦ ቆሎ

ከደሴ ሊጠይቁን የመጡት አክስቴ፣ ከሬይ ሃባርድ ሐይቅ ዳር ሮውሌት በሚገኘው ቤታችን፣ ማእድ ቤት ከተቀመጠው ሳህን ላይ አንድ ፍሬ አንሥተው ቀመሱና «ዳቦ ቆሎው ጨው አንሶታል» አሉኝ። ስሕተታቸው የሚያስገርም አልነበረም። ሊጡን በመዳፌ እያሸሁ እንደ ገመድ አስረዝሜ የቆራረጥሁት፣ ልጅ ሳለሁ እናቴ ስትሠራ እንዳየሁት አድርጌ ነው። ያዘጋጀሁት ግን ለውሻችን ለቡቺ ነበር። እውነቱን ስነግራቸው ሳቁ፤ ጥቂት ቆይተውም «ስንት ሰዓት ፈጀብህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ሁለት ሰዓት ያህል፣ እትዬ» አልሁ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ጥያቄው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ከእኔ አልተለየም።

ነገሩ ሲጀመር ምክንያት ነበረው። ውሻውን ወደ ቤት ያመጣችው ልጄ ነበረች፤ እርስዋ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ለእኔ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2007 ከቻይና በመጣ የስንዴ ግሉተን ውስጥ የተጨመረ ሜላሚን የተባለ ኬሚካል በሰሜን አሜሪካ የብዙ ውሾችንና ድመቶችን ኩላሊት አበላሽቶ እንደ ገደለ አስታውሳለሁና፣ የታሸገውን መኖ በጥርጣሬ ነው የማየው። ስለዚህ የአጃ ዱቄት፣ የተቀቀለ ዱባና እንቁላል አቡክቼ በ175 ዲግሪ ሴልሺየስ ግማሽ ሰዓት ያህል አበስላለሁ። ጨው የለውም፤ ስኳርም የለውም። ከወጣችን አይቀምስም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራሉና። ዘቢብ ኩላሊቱን ሊያጠፋ ይችላል። ዛይሊቶል የሚባለው የስኳር ምትክ ደግሞ በደሙ ያለውን ስኳር በድንገት ያወርዳል፤ በአንዳንድ የኦቾሎኒ ቅቤ ውስጥም ስለሚገባ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳላነብ አልገዛም። ለታካሚ መድኃኒት ሳዝዝ የማደርገውን ጥንቃቄ ለውሻ ብስኩት አደርጋለሁ ማለት ነው።

ውሻ መመገብ ለኢትዮጵያዊ ሕሊና ግን ተራ ነገር አይደለም። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሊወርዱ አንድ ሌሊት ሲቀር፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጆናታን ዲምብልቢ ስለ ወሎ ረኀብ የሠራውን ፊልም አሳየ። ፊልሙ በእንግሊዝ አገር የታየው ከዓመት ገደማ በፊት፣ ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. ነበር። ደርግ ግን እንዳለ አላቀረበውም። አጥንታቸው በቀረ ሕፃናት መካከል የቤተ መንግሥቱን ድሎትና ንጉሠ ነገሥቱ ለውሾቻቸው ሥጋ ሲሰጡ የሚያሳይ ምስል አስገባበት። እኔ በዚያን ጊዜ ፊደል ያልቈጠርሁ ሕፃን ነበርሁ፤ ነገሩን የሰማሁት ከታላላቆቼ አፍ ነው። አክስቴ ግን ፊልሙ አላስፈለጋቸውም፤ ረኀብተኞቹ ወደ ደሴ ሲገቡ መንገድ ዳር ቆመው አይተዋል።

የዚያ ቅንብር ክርክር ቃል አያስፈልገውም። ሁለት ምስሎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ድምሩን ለተመልካች ይተዋል፤ ድምሩም ውሻው የበላው ከሕፃኑ አፍ የተነጠቀ ነው የሚል ነው። ነገር ግን ወሎን የፈጀው ድርቁ፣ ጭሰኛው ምርቱን ለባለ መሬት ማካፈሉና መንግሥት ረኀቡን መደበቁ እንጂ የውሾቹ ቀለብ አልነበረም። ምስሉን ያቀናበረው ደርግ ራሱ ከ10 ዓመት በኋላ፣ በመስከረም 1977 ዓ.ም.፣ ሰሜኑ በረኀብ እያለቀ ሳለ አሥረኛውን የአብዮት በዓል በታላቅ ወጪ አከበረ። ዓለም የኮረምን ሬሳ በቢቢሲ ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን ነው። በዚያ ድግስ ላይ የታየ ውሻ አልነበረም፤ ኃጢአቱ ግን ያው ነበር።

እስከዚህ ያልሁት የጠበቃ ንግግር ነው፤ የአክስቴ ጥያቄ ባይኖር ኖሮ ራሴን ነጻ ለማውጣት ይበቃኝ ነበር። እርሳቸው ስንት ብር አወጣህ አላሉኝም። ገንዘብ በየወሩ ወደ ደሴ እልካለሁ፤ የዱቄቱ ዋጋ ከዚያ ጋር የሚነጻጸር አይደለም። ሰዓቱ ግን ሌላ ነው። ደሴ ላለችው ታላቅ እኅቴ በሳምንት አንድ ጊዜ እደውላለሁ፤ ንግግራችንም ከ5 ደቂቃ እምብዛም አያልፍም። ምክንያቱን አውቀዋለሁ። እኅቴ ትጠይቃለች፦ መቼ ትመጣለህ? የእናታችን መቃብር መቼ ይሠራል? ለልጄስ ምን አሰብህለት? ቡቺ ምንም አይጠይቅም። ምድጃው ፊት ተቀምጦ ጅራቱን ይቈላል፤ የሰጠሁትን ይበላል፤ ያላደረግሁትን አያስታውሰኝም። በአንድ እፍኝ ዱቄት ፍጹም ደግ ሰው ያደርገኛል።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የተጠቀሰችው ከነዓናዊት ሴት ለውሾች የጠየቀችው ከማእድ የሚወድቀውን ፍርፋሪ ብቻ ነበር። እኛም ያደግነው በዚሁ ሥርዐት ነው፤ የግቢ ውሻ ትርፍራፊ ይበላል፣ ሌሊት ይጮኻል። ውሻውን ከዚያ ከፍ ማድረጌ አያሳፍረኝም፤ ለእንስሳ መራራት ስርቆት አይደለምና። የሚያሳፍረኝ ለውሻው ብቻውን ጋግሬለት፣ የሰዓቴን ትርፍራፊ ለእኅቴ ማስቀረቴ ነው። ፍቅር ቢካፈሉት አይጎድልም ይባል ይሆናል፤ ቅዳሜ ጧት ግን ሲካፈሉት ይጎድላል።

አክስቴ ሊሄዱ በዋዜማው፣ ሳህኑ ላይ የቀረውን አንድ በአንድ እያነሡ ቡቺን ሲያጎርሱት አየሁ። በእርሱ ላይ ቅያሜ አልነበራቸውም። ባለፈው ቅዳሜ ጧት ሊጡን ምድጃ ውስጥ ከትቼ እስኪበስል ድረስ ለእኅቴ ደወልሁ። አሥር ደቂቃ ሲያልፍ ድምፅዋ ተለወጠ።

«ምነው፣ ታመሃል እንዴ?» አለችኝ።