ያለ መድኃኒትና የሌለ መድኃኒት

ዓይንን ከአንጎል የሚያገናኘው ነርቭ አንዴ ከሞተ አይመለስም። ሳይንቲስቶች ስቴም ሴልን ከነርቭ አሳዳጊ ንጥረ ነገር ጋር አጣምረው ሊያድሱት ይሞክራሉ። ይህን ንጥረ ነገር ያገኙት ሪታ ሌቪ-ሞንታልቺኒና ስታንሊ ኮኸን እ.ኤ.አ. በ1986 ኖቤል ተሸልመዋል። ሕክምናው ግን ገና በሙከራ ላይ ነው። እስከዚያው የጂንካውም የኒውዮርኩም ዓይነ ስውር እኩል ናቸው።

ልዩነቱ የሚመጣው ቀድሞ ነው። ግላኮማ ነርቩን ሳይገድል ግፊቱ ተለክቶ ጠብታ ሊታዘዝ ይችላል። ትራኮማ የዓይን ፀጉርን ወደ ውስጥ ሲቀለብስ ደግሞ፣ የሠለጠነ ነርስ በጤና ጣቢያ በአጭር ቀዶ ሕክምና ብሌኑን ከመወጋት ያድናል።

እስቲ እንጠይቅ፤ በደቡብ ኦሞ አንዲት እናት በዚህ ብትታወር ጥፋቱ የማን ነው? የሳይንስ እንዳንል መድኃኒቱ አለ። «ዕጣዋ ነው» ብለንም አንገላገልም። የሌለውን ባለመስጠት ማንም አይወቀስም፤ ያለውን ባለማድረስ ግን ያስጠይቃል።