ቀኑ አልፎም ለምትፈሩ ልጆቼ

ልጆቼ፤ በዚህ ዓመት ከወጣቶች አፍ ደጋግሜ የምሰማው አንድ ቃል አንገሽግሾኛል፦ «ምን ዋጋ አለው፣ መጨረሻው ደርሷል እኮ!» ትምህርትህን ለምን አቋረጥህ ሲባል መልሱ እሱ ነው። ጎጆ ለምን አትወጣም ሲባልም እሱ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በክልላችን የደረሰውን መከራ አላየሁም አልልም፤ የተዘጋውንም ትምህርት ቤት፣ የተቀበረውንም ወጣት አውቃለሁ። ነገር ግን መከራው ያዳከመው ሌላ፣ በመከራው እያሳበበ የተኛ ሌላ። በጣና ዳር ጥላ ሥር ተደርድራችሁ፣ አንገታችሁን ስልክ ላይ ደፍታችሁ ስትውሉ ጠጋ ብዬ ባዳምጥ፣ ገዳሙ የማይታወቅ «ባሕታዊ» አዲስ ቀን ቆርጦ ያስፈራራችኋል።

ዛሬ ይበልጡን የምናገረው ግን ቀን ወደሚቆርጡ ጉባኤዎች ገብተው ለወጡት ነው። ነቢዩ ኤልያስ መጥቷል፣ በመካከላችን አለ የሚለው የ«ደቂቀ ኤልያስ» ትምህርት ሲነዛ ቤተ ክርስቲያናችን አልተቀበለችውም፤ «ኦርቶዶክስ» የሚለውን ስም ጥላችሁ «ተዋሕዶ» ብቻ በሉ ያሉትን ሰምተው የኮበለሉ ግን ነበሩ። ከእነሱም ሌላ፣ በኪራይ ቤት ተሰብስበው ቀን የሚቆጥሩ ስም የለሽ ጉባኤዎች አሉ። ከእነዚህ ከአንዱ ወጥታችሁ የተመለሳችሁ ልጆች፣ እሑድ ጠዋት በቅጽሩ ጥግ ቆማችሁ አያችኋለሁ። መመለሳችሁ ደስ አሰኝቶኛል። ፍርሃታችሁ ግን አልለቀቃችሁም። ሌሊት ነጎድጓድ ሲሰማ፣ ስለ ጦርነት ወሬ ሲነገር፣ «እነሱ እውነታቸውን ቢሆንስ? እኔ ከመርከቡ ወርጄ ቢሆንስ?» እያላችሁ እንቅልፍ ታጣላችሁ። ለማንም አትናገሩም። ታፍራላችሁ።

ኦሪት ዘዳግምን ግለጡና ምዕራፍ 18ን እስከ መጨረሻው አንብቡ። በእግዚአብሔር ስም ተናግሮ ነገሩ ሳይሆን የቀረበት ሰው፣ ሳይላክ በድፍረት እንደተናገረ ሙሴ ይነግረናል። በዚያም አያበቃም፤ እንዳንፈራው ያዘናል። ሐሰተኛ ነው ማለቱ በበቃ ነበር። ቀኑ ካለፈ በኋላም ድንጋጤው ልብ ውስጥ ተደብቆ እንደሚቀር ስላወቀ ይመስለኛል ትእዛዙን እዚያ ላይ የጨመረው። እንግዲህ እናንተ ያልሆነውን ትንቢት ስትፈሩ ትሕትና የፈጸማችሁ አይምሰላችሁ። የታዘዛችሁት ሌላ ነው።

እኔም ልጅ ሳለሁ በዚህ ነገር ፈርቻለሁ። በ1950ዎቹ ቆሎ ተማሪ ሆኜ፣ ከገበያ የተመለሱ ሰዎች «ስምንተኛው ሺህ ገባ» ሲሉ ሰምተን፣ አኩፋዳችንን ጥለን ስናለቅስ የኔታ ጠሩን። መሬቱን በእጃቸው ደልድለው በመቋሚያቸው ጫፍ ቁጥር ጻፉልን። ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5500 ዘመን፤ በዚያ ላይ የዚያን ጊዜውን ዓመተ ምሕረት ደምሩ አሉን። ከ7450 በላይ መጣ። «እንግዲህ ሰባት ሺህ የሞላው መቼ ነው?» በ1500 ዓ.ም. አልናቸው። «አያትህ በስምንተኛው ሺህ ተወለደ፣ በስምንተኛው ሺህ አረሰ፣ ልጅ ዳረ፣ በስምንተኛው ሺህ ሞተ። በል አንተም ዳዊትህን ድገም» ብለው ወደ ቦታዬ መለሱኝ። አፈር የነካውን እጃቸውን በነጠላቸው ጠርገው ትከሻዬን ሲይዙኝ ዛሬም ይሰማኛል። ባሕረ ሐሳብ ጾምና በዓል የሚወጣበት ቀመር እንጂ የምጽአት ቀን የሚቆረጥበት እንዳልሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው።

ታሪኩን ካደግሁ በኋላ አነበብሁት። ዐፄ ናዖድ ስምንተኛውን ሺህ አታሳየኝ ብለው እንደጸለዩ፣ ሰባተኛው ሺህ ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረውም እንደሞቱ ይነገራል፤ ያረፉት በ1500 ዓ.ም. ነሐሴ ነው። ልጃቸው ልብነ ድንግል ነገሡ። በ1521 ዓ.ም. ሽምብራ ኩሬ ላይ የንጉሡ ጦር በግራኝ አሕመድ ተሸነፈ፤ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ። ያን የመሰለ መዓት ያየ ሰው መጨረሻው ነው ቢል ይፈረድበታል? ግን አልነበረም። እንግዳ ሲመጣባችሁ በጀልባ አሳፍራችሁ ደቅ ደሴት ወስዳችሁ የምታሳዩት ናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ስምንተኛው ሺህ ከገባ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። የጎንደር ግንብ በስምንተኛው ሺህ ተገነባ። እነዚያ ሰዎች እንደ እናንተ «ምን ዋጋ አለው» ብለው ቢሆን ኖሮ ዛሬ የምትኮሩበት አንዳች ነገር ባልቀረላችሁ!

የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሥራ! ስለሌላው ነገር ብዙ አልልም፤ ሥራ ስለ መተዋችሁ ግን ዝም ማለት አልችልም። ዘጌ ላይ የዘመዴ ልጅ አለ። ዘጌ እንደምታውቁት በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ሞፈር ቀንበር የማይገባበት፣ ሰው በቡናና በጌሾ የሚተዳደርበት ምድር ነው። ልጁ ችግኝ አፍልቶ፣ ጉድጓድ ቆፍሮ ጨርሶ ነበር። ቀን ቆጣሪዎቹ «የሚለቅመው ለማይኖር ቡና ምን ትተክላለህ» አሉትና ተከትሏቸው ሄደ። ከሁለት ክረምት በኋላ ሲመለስ ወሰደኝና አሳየኝ፤ ጉድጓዶቹ ቅጠል ሞልቷቸው፣ ችግኞቹ በመደባቸው ላይ እንደ ጭራሮ ደርቀው ነበር። አንዱን ነቅሎ በጣቱ ሰበረው። ቡና ለፍሬ ሦስት አራት ዓመት ይፈልጋል፤ ያኔ ተክሎት ቢሆን አሁን ሊለቅም ደርሶ ነበር። ደግሞ አሁንም አልተከለም! ለምን ስለው፣ አንገቱን ደፍቶ «ምናልባት» አለኝ።

ይህ «ምናልባት» ነው እጃችሁን ያሰረው። በተሰሎንቄ የነበሩ ክርስቲያኖችም ጌታ ዛሬ ነገ ይመጣል በሚል ወሬ ታውከው ነበር፤ ሥራ የፈቱትንም ቅዱስ ጳውሎስ በጸጥታ ሠርተው የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ ነው ያዘዛቸው። በአሜሪካ የዊልያም ሚለር ተከታዮች በፈረንጆቹ ኦክቶበር 22 ቀን 1844 ጌታ ይመጣል ብለው ሲጠብቁ፣ ሰብላቸውን ሜዳ ላይ የተዉ ገበሬዎች ነበሩ። ነጋ። ሰብሉ ግን ሰብሳቢ ይፈልግ ነበር።

ከዚህ የከፋም አለ፤ ጎረቤቶቻችንን እዩ። ኡጋንዳ ውስጥ ካኑንጉ በምትባል ስፍራ ዓለም በፈረንጆቹ 1999 ማብቂያ ታልፋለች ተብሎ ሰዎች ንብረታቸውን ሸጠው ሰጡ። ቀኑ አለፈ። ሌላ ቀን ተቆረጠ። በመጋቢት 1992 ዓ.ም. የጸሎት ቤቱ ከነሰዎቹ ተቃጠለ፤ የሞቱት በመቶዎች ይቆጠራሉ። ኬንያ ሻካሆላ ጫካ ውስጥ በ2015 ዓ.ም. ጌታን ለመገናኘት ጹሙ ተብለው በረሃብ ያለቁ ከ400 በላይ ሰዎች አስከሬን ተቆፍሮ ወጣ፤ ሕፃናት ጭምር። እናንተ ከእንዲህ ያለው መንገድ መመለሳችሁን እንደ ክህደት የሚቆጥርባችሁ ካለ፣ እነዚህን መቃብሮች አሳዩት።

ምልክት ምልክት ስለምትሉትም ልናገር። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት ፀሐይ ስትጋረድ ስንቱ ደነገጠ! ሰዓቱን ግን የሰማይ ተመራማሪዎች አስቀድመው አስልተው ነግረውን ነበር። እንቦጭ በ2004 ዓ.ም. ጣና ላይ ታየ፤ እሱንም ምልክት ነው ብለው የተቀመጡ ነበሩ። እስከ ወገባቸው ውኃ ውስጥ ገብተው በእጃቸው የነቀሉት ገበሬዎችና ወጣቶችም ነበሩ። እኔ የማከብረው እነሱን ነው። እንቦጭ ቢነቀልም ዘሩ ጭቃው ውስጥ ዓመታት ቆይቶ እንደሚበቅለው፣ የእናንተም ፍርሃት በአንድ ቀን አይጠፋም፤ ባቆጠቆጠ ቁጥር እንደገና መንቀል ነው። ተመልሶ መጣ ማለት ትንቢቱ እውነት ነው ማለት አይደለም።

ወላጆች፣ በተመለሱት ላይ አትሳቁ። እንቅልፍ ያጣ ልጅ ደግሞ ጸበልም ይጠመቅ፣ ፈለገ ሕይወት ሆስፒታልም ይሂድ፤ ሁለቱ አይጣሉም።

የንስሐ አባት አላችሁ። ቅኔውንም ትርጓሜውንም የጨረሱ መምህራን በየደብሩ አሉ። ጥያቄያችሁን ይዛችሁ እነሱ ዘንድ በመሄድ ፈንታ እኩለ ሌሊት ላይ ብርድ ልብስ ተከናንባችሁ ስልክ ትጠይቃላችሁ! ጌታችን ቀኗንና ሰዓቷን የሰማይ መላእክት እንኳ እንደማያውቋት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 24 ተናግሮ ሳለ፣ ከመላእክት የበለጠ አውቃለሁ የሚላችሁን ሰው በነጻ ጆሮ ትሰጡታላችሁ። ወረቀት አምጡ። በዚያ ጉባኤ በነበራችሁበት ጊዜ የተነገራችሁን ቀን ሁሉ ከነተናጋሪው ጻፉ፤ በአንጻሩ ያን ቀን የሆነውን ጻፉ። ወረቀቱን ለንስሐ አባታችሁ አሳዩ። የዘመዴን ልጅ እንዲህ አስደርጌዋለሁ፤ ስድስት ቀን ጻፈ፣ በስድስቱም ፊት ለፊት የሚጽፈው አጣ።

አሁን ክረምቱ ሊገባ ነው፤ ችግኝ የሚተከልበት ወራት ነው። ፈተና ያለባችሁ ፈተናችሁን ተቀመጡ፣ መሬት ያላችሁ ጉድጓዱን ጥረጉ። ቀን ቆርጦ የሚልክላችሁ ሰው ከመጣም፣ ባለፈው የቆረጠው ቀን የት እንደገባ ጠይቁት፤ ያን ሳይመልስ ሌላውን አትስሙት።