አበባዋ ትዋሻለች፤ እኛስ?

ውድ እህቶች፣ ዛሬ ስለ አንዲት አበባ ላጫውታችሁ። «አበባ የምናይበት ዕረፍት መቼ አለን» እንዳትሉኝ፤ ነገሩ እኛን ይመለከታል።

በሊባኖስ ተራሮች፣ በወንዝ ዳርና ውሃ በሚንጠባጠብበት አለት ላይ የምትበቅል ኦርኪድ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ኤፒፓክቲስ ቬራትሪፎሊያ ነው። ከቆጵሮስ እስከ ሂማሊያ፣ ወደኛም በኩል በአፍሪካ ቀንድ ትገኛለች።

እ.ኤ.አ. በ2010 በጀርመን ዬና ከተማ የማክስ ፕላንክ ተቋም ተመራማሪዎች ገመናዋን አወጡት። ንብ የምትመስል ዝንብ አለች። ልጆቿ የሚያድጉት ክሽክሽ የሚባለውን የተክል ቅማል በልተው ስለሆነ፣ እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ክሽክሽ በሸተታት ቦታ ነው። አበባዋ ታዲያ ክሽክሽ ሲደነግጥ የሚረጨውን ሽታ አስመስላ ታወጣለች። እናት «ለልጆቼ እንጀራ ተገኘ» ብላ ትመጣና የአበባዋን ብናኝ ተሸክማ ትሄዳለች። ክሽክሽ ከሌለ የሚፈለፈሉት ልጆች በረሃብ ያልቃሉ።

«ለልጆችሽ እንጀራ» የሚለውን ቃል ከማን ነበር የሰማነው? ከደላላ አይደል?

አበባዋን ግን ማንም አይከሳትም፤ ምርጫ የላትም። አትክልተኞች ሥሯን ከፍለው በማሰሮ ይተክሏታል፤ እርጥበት ካልተለያት ትለመልማለች። በማሰሮም ሆና ጠባይዋ ያው ነው። ደላላ ግን ሰው ነው። እያወቀ ነው የዋሸው። «ምን ላድርግ፣ እንጀራዬ ነው» ቢል አያድነውም።

ከባዱ ጥያቄ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። አገር ቤት ያለች የአክስት ልጅ ደውላ «እኔስ ልምጣ ወይ?» ስትል ምን እንመልስላት? ለእናት «ደህና ነኝ» የምንለው እንዳታዝን ነው፤ በዚህ ማንም አይፈርድብንም። ለዚያች ልጅ ግን ያው «ደህና ነኝ» ሽታ ነው፤ ተከትላው ትመጣለች። እውነቱን ስንናገር ደግሞ «ራሷ እየበላች እኛን ትከለክላለች» እንባላለን።

እኔ እንደሚመስለኝ «አትምጪ» ማለት የኛ ሥልጣን አይደለም፤ ችግሯን የምታውቀው እሷ ናት። ደመወዙን፣ የሥራውን ሰዓት፣ ፓስፖርት ማን እጅ እንደሚውል፣ በካፋላ ቤት መቀየር እንዴት እንደሚከብድ መንገር ግን ግዴታችን ነው። ሳታውቅ የመረጠች አልመረጠችም። እኛም እንደዚያች ተክል ከቦታችን ተነቅለን መጥተናል፤ ምላሳችን ግን የራሳችን ነው።

እናንተስ ምን ትላላችሁ? እሁድ ስንገናኝ እንጫወተው።