ሕመምተኛን ስንጠይቅ ምን እንጠይቃለን?

በአማርኛችን የታመመን ሰው ለማየት መሄድ «መጠየቅ» ይባላል። «ጋሼን ጠየቃችኋቸው ወይ?» ሲሉን «አዎን፣ ትናንት ጠይቀናቸዋል» ብለን እንመልሳለን። እኛ የጥሊሊ ወጣቶች ግን አንድ ነገር ካጋጠመን ወዲህ ይህ ቃል ሲያከራክረን ሰንብቷል። ለመሆኑ በሽተኛ ልንጠይቅ ስንሄድ የምንጠይቀው ነገር ምንድን ነው? ስንቶቻችንስ ነን አንድም ጥያቄ ሳናቀርብ ተመልሰን «ጠየቅን» የምንል?

ነገሩን ከመነሻው እንጀምር። በከተማችን አንድ ልብስ ሰፊ አባት አሉ። ስማቸውን እዚህ መጻፍ አላስፈለገንም። እኒህ ሰው ታላላቅ ወንድሞቻችን ኳስ ሲጫወቱ ጀምረው፣ ዛሬም እኛ ስንጫወት፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከሜዳው ጠርዝ ታጥተው አያውቁም ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ጃንጥላቸውን ዘርግተው፣ ብርድ ሲሆን ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቆማሉ። አሠልጣኝ አይደሉም፤ ማንም አልሾማቸውም። ነገር ግን «ግራውን ክፈት!» ወይም «ምነው ልጄ፣ ኳሷን ዕዳ አስመሰልካት!» እያሉ ሲጮኹ ከአሠልጣኛችን ይልቅ ጎልቶ የሚሰማው የእርሳቸው ድምፅ ነበር። የተቀደደ ማልያ የሚሰፉልንም እርሳቸው ናቸው፤ ዋጋውን ስንጠይቃቸው «ግብ አግቡና ክፈሉኝ» ይሉናል። በዚህ ሂሳብ ብዙ ዕዳ አለብን።

ከዚያ ታመሙ። ለሕክምና ርቀው ተወስደው፣ ታይተው ተመለሱ፤ ከተመለሱ ወዲህ ከአልጋ አልወረዱም። እኛም አንድ ቅዳሜ ገንዘብ አዋጥተን፣ ብርቱካንና ዳቦ ይዘን ሄድን። ስምንት ሆነን በመደቡ ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። «እግዚአብሔር ይማርዎ» አልን። «አሜን» አሉ። ዝምታ ሆነ። ቡና ቀረበ። ስለ ዝናቡና ስለ ድንች ዋጋ እርስ በርሳችን አወራን። በዚህ መካከል ጋሼ ራሳቸውን ከትራሱ ቀና አደረጉና «ለነገ በግራ በኩል ማንን ልታሰልፉ ነው?» አሉን። ከመካከላችን አንዱ፣ ክፉ አስቦ አይደለም፣ «ጋሼ፣ እርስዎ አሁን በዚህ አይጨነቁ፤ ብቻ ይዳኑልን» አላቸው። ጋሼም ምንም አልመለሱም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ባለቤታቸው «ደክሟቸው ነው» አሉን፤ እኛም አምነን ወጣን።

ድካም አልነበረም። ይህን የተረዳነው ከብዙ ቀን በኋላ ሲሆን፣ ያስረዳን ደግሞ በሩቅ አገር የተፈጸመ፣ ከጥሊሊ ጋር ምንም ዝምድና የሌለው ታሪክ ነው። አንድ ምሽት የእንግሊዝን ጨዋታ ለማየት ኳስ ከሚያሳየው ቤት አግዳሚ ላይ ተጠጋግተን ሳለን ከሊቨርፑል ደጋፊዎቻችን አንዱ አነሣው። ብዙዎቻችሁ የሰማችሁት ቢሆንም በአጭሩ እንድናስታውሰው ፍቀዱልን።

ስቬን ጎራን ኤሪክሰን የተባለው ስዊድናዊ በእግር ኳስ አሠልጣኝነት ስሙ የታወቀ ሰው ነበር። በ1974 ዓ.ም. የአገሩን ቡድን ጎተንበርግን ለዩኤፋ ዋንጫ አብቅቷል፤ በ1992 ዓ.ም. ላዚዮን የኢጣሊያ ሻምፒዮን አድርጓል፤ ከ1993 እስከ 1998 ዓ.ም. ድረስም የእንግሊዝን ብሔራዊ ቡድን የመራ የመጀመሪያው የውጭ አገር ሰው ሆኗል። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድ ነገር ቀርቶበት ነበር። እርሱም አባቱም የሊቨርፑል ደጋፊዎች ነበሩ፤ ያን ቡድን የማሠልጠን ምኞት በልቡ ይዞ ኖሯል፤ ዕድሉ ግን አልገጠመውም። በጥር 2016 ዓ.ም. ካንሰር እንደ ያዘውና ቢበዛ አንድ ዓመት ያህል እንደሚቀረው ራሱ በአገሩ ሬዲዮ ተናገረ። በዚያው ሰሞን ያንን የቆየ ምኞቱን አነሣ።

የዚያን ጊዜው የሊቨርፑል አሠልጣኝ ጀርመናዊው የርገን ክሎፕ ይህን ሲሰማ ማዘኑን ገለጸ። በዚያ ግን አላቆመም። ኤሪክሰን ከፈለገ መጥቶ በቢሮው በእርሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለአንድ ቀን ሥራውን ሊሠራለት እንደሚችል በጋዜጠኞች ፊት ተናገረ። ነገሩም በቃል ብቻ አልቀረም። መጋቢት 14 ቀን 2016 ዓ.ም. የሊቨርፑል የቀድሞ ተጫዋቾች ከአያክስ የቀድሞ ተጫዋቾች ጋር ለበጎ አድራጎት ሲገጥሙ ክለቡ ኤሪክሰንን ጋበዘው፤ እርሱም ከነኢያን ረሽ፣ ከነጆን ባርነስ ጋር ሆኖ በአንፊልድ ሜዳ ከአሠልጣኝ ቦታ ቡድኑን መራ። ወደ ስልሳ ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ ተገኝቶ ነበር። ሊቨርፑል 2 ለ 0 ከተመራ በኋላ 4 ለ 2 አሸነፈ። ኤሪክሰን ነሐሴ 20 ቀን 2016 ዓ.ም. በ76 ዓመቱ ዐረፈ፤ ከዚያ ጨዋታ አምስት ወር ያህል ቆይቶ መሆኑ ነው።

ታሪኩ ይኸው ነው። ክርክሩ ግን ከዚህ ጀመረ፤ ባለቤቱ ቤቱን ሊዘጋ መብራት እስኪያጠፋብን ድረስም አላለቀም።

አንደኛው ወገን «ይህ ምን ያስደንቃል?» አለ። ክሎፕ ከኪሱ ያወጣው ሳንቲም የለም፤ «ና ተቀመጥ» ማለት ምላስ ብቻ ይበቃዋል። ደግሞም በዚያው በጥር ወር ክሎፕ ራሱ በውድድር ዓመቱ ፍጻሜ ቡድኑን እንደሚለቅ አስታውቋል፤ ሊለቁት የተዘጋጁትን ወንበር ማዋስ ምን ያከብዳል? ይህን ያለው ልጅ የማንቸስተር ደጋፊ በመሆኑ ፍርዱ ከአድልዎ የጸዳ ነው ለማለት ይቸግረናል፤ ሆኖም ሐሳቡ እንዲያው የሚጣል አይደለም። ሁለተኛው ወገን ደግሞ የኤሪክሰን ዝና ባይኖር ኖሮ ማን ያስታውሰው ነበር ሲል ጠየቀ። በዚያችው በሊቨርፑል ከተማ ስንት ዕድሜ ልኩን ቡድኑን ሲደግፍ የኖረ ሰው በየአልጋው ላይ ሳይጠራ ሞቷል!

ሁለተኛው እውነት ነው፤ አንክደውም። ከጥሊሊም ማንም ወደ አንፊልድ አይጠራም። የመጀመሪያውን ግን እያደር ስናስበው ልንቀበለው አልቻልንም። ስጦታን በዋጋው መመዘን ለገበያ እንጂ ለዚህ አይሆንም። እኛ ለጋሼ የወሰድነው ብርቱካን ገንዘብ አስወጥቶናል፤ ጋሼ ግን አንዲቱንም አልላጡም። ክሎፕ ያዋሰው ወንበር ምንም አላስወጣውም፤ ታማሚው ግን በዚያ ቀን ዓይኑ እንባ አቅርሮ ታየ። ልዩነቱ ምን ላይ ነው? እኛ እንደሚመስለን ክሎፕ የሰጠው ነገር ለበሽተኛ የሚሰጥ ነገር አልነበረም። ለአሠልጣኝ የሚሰጥ ነገር ነው። ብርቱካንና «ይማርዎ» ለማንኛውም ለተኛ ሰው ይሆናሉ፤ ወንበሩ ግን ለዚያ ሰው ብቻ፣ በጤናው ጊዜ ለነበረው ለዚያ ሰው የታሰበ ነው። ሕመሙ ከሰውዬው ላይ ብዙ ነገር እንደ ነጠቀው ሁሉ እኛ ጠያቂዎቹም የቀረውን እንነጥቀዋለን። «አይጨነቁ» ስንላቸው ለጋሼ ዕረፍት የሰጠናቸው መስሎን ነበር፤ ከሜዳው ጠርዝ ግን ያባረርናቸው እኛው ነን።

ይህ ነገር በኳስ ብቻ የሚቆም አይደለም። ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ያየ ሰው ይረዳናል። ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የቆየው የፈረሰኞች ማኅበር አባል ሆኖ ዕድሜውን በኮርቻ ላይ ያሳለፈ አባት በሕመም ቤት ቢውል፣ ሊጠይቀው የመጣው ሰው ስለ ፈረሱ አንድ ቃል ሳያነሣ ስለ መድኃኒቱ ብቻ አውርቶ ቢሄድ፣ ያ አባት ተጠየቀ ይባላል? ወጥ ስትሠራ ሰፈሩን ሁሉ ስታስጎመጅ የኖረችን እናት ደግሞ «ሽንኩርቱ ስንት ይበቃል?» ብለን ከአልጋዋ ብንጠይቃት ምን ይጎዳታል?

የኛም አገር ሰው በዚህ ረገድ ምሳሌ አላጣም። አቶ ይድነቃቸው ተሰማ፣ በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ በአዲስ አበባ ስትወስድ ብሔራዊ ቡድናችንን ያሠለጠኑት ሰው፣ ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ። በነሐሴ 1979 ዓ.ም. በካንሰር ሕመም ሲያርፉ አሁንም በዚያው ወንበር ላይ ነበሩ። ሞት ወሰዳቸው እንጂ ሕመም ከሥራቸው አላሰናበታቸውም።

አሁን ደግሞ አስቸጋሪ ወደ ሆነው እንግባ። ኤሪክሰን ሕመሙን በራሱ አንደበት ባይናገር ኖሮ ማን ወንበር ያዋሰው ነበር? በእኛ አካባቢ ግን ልማዱ ሌላ ነው። ሐኪሙ ዘመዶችን ከበር ውጭ ጠርቶ ይነግራቸዋል፤ እነርሱም ፊታቸውን ጠርገው ይገቡና «ትንሽ ጨጓራ ነው አሉ» ይሉታል። ይህን በፍቅር እንጂ በክፋት እንደማያደርጉት እናውቃለን፤ ከመካከላችንም ይህን ያደረጉ አሉ። ነገር ግን አንድ ነገር ከተደበቀ በኋላ ሌላውም ሁሉ አብሮ ይደበቃል። ስለ ነገ ማንሣት ያስፈራል፤ ስለ ትናንት ማንሣት ያስለቅሳል፤ የሚቀረን የዝናቡና የድንቹ ወሬ ብቻ ነው። በሽተኛውም ሞኝ አይደለም። ሁሉም በሹክሹክታ ሲያወራ፣ ትናንት የተጣላው ጎረቤት ዛሬ ቀድሞ ሲስመው ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እኛ ለማንም ሰው ሳይጠይቅ ሕመሙ ይነገረው አንልም፤ ይህ የቤተ ሰቡና የራሱ ጉዳይ ነው። ነገር ግን ሰውዬው ራሱ በሩን በትንሹ ሲከፍት፣ ጋሼ «ለነገ ማንን ልታሰልፉ ነው?» እንዳሉት፣ ያን በር መልሶ መዝጋት ደግነት መስሎ አይታየንም።

«ታዲያ ያ ጨዋታ ራሱ ማስመሰል አይደለም ወይ?» ያለም ነበር። የቀድሞ ተጫዋቾች፣ የአንድ ቀን አሠልጣኝ፤ ልጅን በዕቃ ዕቃ እንደ ማባበል ማለቱ ነው። ይህ ጥያቄ አስቸግሮናል። የመሰለን ግን እንዲህ ነው። ማታለል የሚሆነው አንዱ ወገን የማያውቀው ነገር ሲኖር ነው። እዚያ ግን ኤሪክሰንም፣ ክሎፕም፣ በመቀመጫው ላይ የነበረው ሕዝብም ወንበሩ የአንድ ቀን ውሰት መሆኑን ያውቁ ነበር። «ትድናለህ» ያለው አልነበረም። የአንዱን ቀን ነገር የአንድ ቀን አድርገው ሰጡት፤ እርሱም እንዲያው ተቀበለው።

ከዚህ በኋላ ምን አደረጋችሁ የሚል አንባቢ ይኖራል። በሚቀጥለው ቅዳሜ ስምንት ሆነን ሳይሆን ሁለት ሆነን፣ ብርቱካን ሳይሆን ደብተር ይዘን ሄድን። የተጫዋቾቹን ስም ጽፈን ነበር። «ጋሼ፣ ግራው ቸግሮናል» አልናቸው። መነጽራቸውን አስፈለጉ። ደብተሩን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዙረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት፤ ከዚያ ሰደቡን። በእውነት ሰደቡን! ባለቤታቸው ከጓዳ ብቅ ብለው «ምን ሆናችሁ?» እስኪሉ ድረስ። የግራውን ተከላካይ ወደ መሐል አዛውረው በእርሱ ፈንታ ገና ከታዳጊዎቹ ያደገውን ልጅ አስገቡ። ስሕተት መስሎ ታይቶን ተከራከርናቸው፤ አልሰሙንም። ሲታመሙ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናደድንባቸው። እስከዚያች ቀን ድረስ ልንናደድባቸው እንኳ እንደማንደፍር ያወቅነው ያን ጊዜ ነው።

እንዳሉት አሰለፍን። እሑድም ከእንጅባራ ከመጡ ልጆች ጋር ገጥመን 3 ለ 1 ተሸነፍን፤ ከሦስቱ ሁለቱ የገቡት በዚያው በግራ በኩል ነው።

ማታ ተሰብስበን ከዚህ ሁሉ የከረረ ክርክር አደረግን። ሕመምተኛ ናቸው፤ አቻ ወጣን እንበላቸው፣ ማን ይጎዳል ያሉ ነበሩ፤ እነዚህም ጥቂት አልነበሩም። ሌሎቻችን ግን አቻ ወጣን ካልናቸው ደብተሩን ይዘን የሄድነው ለማባበል ነበር ማለት ነው፣ የሰጠናቸውንም ወንበር መልሰን መንጠቃችን ነው አልን። በድምፅ ብልጫ እውነቱ እንዲነገራቸው ተወሰነ። ውሳኔውን ከደገፉት መካከል ግን ሄዶ ሊነግራቸው የፈቀደ አልተገኘም። በመጨረሻ ግብ ጠባቂያችን «እኔ እሄዳለሁ» አለ።

ሲመለስ በሩ ላይ ጠበቅነው። ጋሼ ውጤቱን ሲሰሙ ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ «ሦስቱም በግራ ነው የገቡት?» ብለው ጠየቁት አለን። «ሁለቱ» አላቸው። «እንግዲያው ሁለቱ የእኔ ጥፋት ናቸው፤ ሦስተኛው ግን ያንተ ነው» አሉት። ከዚያም ቅዳሜ ደብተሩን ይዘን እንዳንቀር፣ እርሳስም በደንብ ተቀርጾ እንዲመጣ አዘዙት።