ዛጎሉን ማን አመጣው?

የሚነበብ ክፍል፦ ዘፍጥረት 37፥25-28፤ 50፥15-21፤ መዝሙር 139፥7-12



እናቶቻችን ልጅ የሚያዝሉበትን አንቀልባ አስታውሱ። ዛጎል ተሰፍቶበት ያምራል። ያዘለችን እናት ባሕር አይታ አታውቅም፤ ዛጎሉ ግን የባሕር ነው። በሕንድ ውቅያኖስ ሙቅ ውሃ የሚኖር የአንድ ትንሽ ፍጥረት ቤት ነበር። ታዲያ ደጋ ድረስ ማን አመጣው? በራሱ እግር አልመጣም። ሰው ከውሃ አወጣው፣ በመርከብ ተጫነ፣ በግመል ተጫነ፣ ከገበያ ገበያ ተሸጠ።

ዮሴፍም እንዲሁ ነው የሄደው። ወንድሞቹ በ20 ብር ሸጡት፤ ግመል የሚነዱ ነጋዴዎች ግብፅ አወረዱት። ከመካከላችን በደላላ እጅ ያለፈ፣ ዋጋ የተቆረጠበት ሰው ይህን ቃል ማንም ሳያስረዳው ይገባዋል።

ሌላም ነገር ልንገራችሁ። ይሄ ያለንበት ቱርካና አቧራ ነው፤ ውሃ የምንቀዳው በጄሪካን ተሰልፈን ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1964 እዚሁ ቱርካና ውስጥ፣ ሎፔሮት በሚባል ቦታ፣ የዓሣ ነባሪ አጥንት ተገኝቷል። ቦታው ከውቅያኖስ 740 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል! በመቀሌ አካባቢ ባለው የኖራ ድንጋይ ውስጥም የባሕር ዛጎል አለ። የተማሩ ሰዎች ሲያስረዱ፣ መቀሌ ጋ ድሮ ባሕር ነበር፤ ጭቃው ዛጎሉን እንደያዘ ድንጋይ ሆነ። የእኛው ዓሣ ነባሪ ደግሞ ምድሩ ዝቅ ባለበት ዘመን በወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ መጣ ይላሉ። ተራራ አልወጣም፤ ምድሩ ነው ኋላ ከፍ ያለው። አንዳንዶቻችን የኖኅ ውሃ ነው ብለን እንከራከራለን። የዛሬ ነገሬ ክርክሩ አይደለም።

ነገሬ ይህ ነው፦ ከቦታው የራቀ ሁሉ ከእግዚአብሔር ዓይን የራቀ አይደለም። ስንቶቻችን ነን በልባችን «ፋይሌ እዚህ ቢሮ ጠፋ፣ እግዚአብሔርም ጋ ጠፍቷል» የምንል? ዳዊት ግን እስከ ባሕር ዳርቻ ብሄድም እጅህ እዚያ ታገኘኛለች ብሎ ጸለየ። ዮሴፍም እስር ቤት ሳለ የረሳው ሰው ነበር፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠበቀ። ሰው ረሳው፣ ጌታ አልረሳውም።

አንድ ነገር ግን እንጠንቀቅ። ዮሴፍ የወንድሞቹን ሥራ መልካም ነው አላለም፤ ክፉ አስባችሁብኝ ነበር ብሎ ፊት ለፊት ነገራቸው። እግዚአብሔር ግን ያንን ወደ መልካም ለወጠው። ስለዚህ ልጇን በመንገድ ያጣችን እናት «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» ብለን አፏን አንዝጋ። እንቀመጥ፣ አብረን እናልቅስ። ዮሴፍም አልቅሷል። ደግሞም የተራቡትን ወንድሞቹን ከነልጆቻቸው መግቧል።

በዚህ ሳምንት አዲስ የገቡ ቤተሰቦች አሉ። ሻይ ካለህ ሻይ፣ ስኳር ካለሽ ስኳር ይዘን እንሂድ። ባዶ እጅም ቢሆን እንሂድ፤ የውሃውን ሰልፍ ማሳየትም አገልግሎት ነው።

እንጸልይ፦ ጌታ ሆይ፣ የት እንዳለን ታውቃለህ። የበደሉንን ለአንተ እንሰጣለን። የምንጠብቅበትን ጉልበት ስጠን፤ ለጎረቤታችንም እጅ አድርገን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።