ትዕግሥት ነው ወይስ ዝምታ?



በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ በአዳራሹ ተሰብስበን ቡና ስንጠጣ ዘወትር ከሚነሡት ወሬዎች አንዱ የቤት ነገር ነው። አንዱ ማሞቂያው ከተበላሸ ሦስተኛ ሳምንቱን እንደ ያዘ ይናገራል። ሌላዋ ከላይኛው ቤት የሚወርደው ውኃ ኮርኒሱን አበስብሶ በአልጋዋ ላይ እንደሚንጠባጠብ ታወራለች። ሦስተኛው በረሮ ለማጥፋት የሞከራቸውን መድኃኒቶች በየስማቸው ይዘረዝራል። ሁሉም የልቡን ከተናገረ በኋላ ግን ጨዋታው የሚዘጋው በአንድ ቃል ነው፤ «እንግዲህ ምን ይደረጋል፤ መታገሥ ነው» እንላለን። ቡናው ያልቃል፤ እኛም ወደየቤታችን እንሄዳለን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህችን ቃል መመርመር ነው። በሚበሰብስ ቤት ውስጥ በየወሩ ሙሉ ኪራይ እየከፈሉ ዝም ብሎ መኖር በእርግጥ ትዕግሥት ነውን? ወይስ ትዕግሥት የሚለውን የከበረ ስም ለሌላ ነገር አውሰነዋል? ጥያቄውን የማነሣው ማንንም ለመውቀስ አይደለም። እኔ ራሴ በዚህ ነገር ተፈትኜ የወደቅሁ ሰው በመሆኔ ነው።

ከ1993 እስከ 1999 ዓ.ም. ድረስ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቼ ጋር በዋሽንግተን ከተማ፣ በአንድ አሮጌ የአፓርታማ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ተከራይቼ ኖሬአለሁ። ጎረቤቶቻችን የእኛው አገር ሰዎች፣ የኤል ሳልቫዶር ስደተኞችና እዚያው ከተማ ተወልደው ያደጉ ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ። ሊፍቱ ከሚሠራባቸው ቀኖች የሚቆምባቸው ይበዙ ነበር። ምድር ቤት ያለው ቦይለር ብርዱ በሚጠናበት በጥር ወር መቆም ልማዱ ነበር። ወደ ሕንፃው ቢሮ ሄደን ስናመለክት ጸሐፊዋ በትሕትና ተቀብላ በአንድ ወረቀት ላይ ትጽፈዋለች፤ ወረቀቱ ከዚያ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ኪራዩ አምስት ቀን ቢዘገይ ቅጣት ይጨመርበታል፤ ጥገናው አምስት ወር ቢዘገይ ግን የሚቀጣ የለም።

ከእኛ በላይ፣ በአምስተኛው ፎቅ፣ ብቻቸውን የሚኖሩ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት ነበሩ። ማሞቂያው በቆመ ቁጥር የጋዝ ምድጃቸውን ለኩሰው፣ በሩን ከፍተው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው በፊቱ ይቀመጣሉ። አንድ ማታ ይህን አይቼ ደነገጥሁና፣ «እማማ፣ ይህ ጭስ ይጎዳዎታል፤ ነገ አብረን ወርደን እንናገር» አልኋቸው። እርሳቸውም፣ «ተው ልጄ፣ በሰው አገር ምን ብለን እንናገራለን? ዝም አይነቅዝም» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ይህን በማለታቸው ቅር አላለኝም፤ እንዲያውም ቀለለኝ። ደረጃውን ስወርድ የትልቅ ሰው ምክር እንደ ተቀበለ ሰው ሆኜ ወረድሁ።

በልጆቼ መኝታ ክፍል ግድግዳ ላይ ደግሞ ጥቁር ሻጋታ ወጥቶ ነበር። ከግድግዳው በስተ ጀርባ የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ያልፋል። ሁለት ጊዜ ለቢሮው አመለከትሁ፤ የመጣ ሰው አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ በየቅዳሜው በበረኪና ታጥበዋለች፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይወጣል። እኔም በልቤ «ይህም ያልፋል» እል ነበር።

ዝም ያልሁባቸውን ምክንያቶች ዛሬ ስቆጥራቸው ሦስት ሆነው አገኛቸዋለሁ። የመጀመሪያው ፍርሃት ነው። የመኖሪያ ወረቀታችን ገና ያላለቀ ስለ ነበረ ከማንኛውም ባለሥልጣን ጋር መነካካት መዘዝ ያመጣል ብዬ እሠጋ ነበር። ሁለተኛው ይሉኝታ ነው። እንግዳ ሆኖ የመጣ ሰው የተሰጠውን ተቀብሎ ማመስገን እንጂ ጎደለብኝ ማለት ነውር ይመስለን ነበር። ሦስተኛው ከአገር ቤት ይዘነው የመጣነው ልማድ ነው።

ስለዚህ ልማድ ጥቂት ልበል። በሐምሌ ወር 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ባደረገ ጊዜ፣ በወር እስከ 100 ብር የሚከራዩት ቤቶች በቀበሌ ሥር ሆኑ፤ ኪራያቸውም ተቀነሰ። ለድኻው ትልቅ እፎይታ እንደ ነበረ የማይካድ ነው። ነገር ግን የሚሰበሰበው ኪራይ ቆርቆሮ ለመለወጥ እንኳ አልበቃም፤ ተከራዩም የእኔ ያልሆነውን ለምን ላድስ አለ፤ ቀበሌውም በጀት የለም አለ። ከእኛ ብዙዎቻችን ዝናብ በመጣ ቁጥር ከሚያፈሰው ጣራ ሥር ባልዲና ሳፋ እየደረደርን ያደግነው እንዲህ ባለ ቤት ነው። በዚያ ላይ በዚያ ዘመን ስለ ቀበሌ ማጉረምረም ከጣራ ማፍሰስ የከፋ ነገር ሊያመጣ ይችል ነበር። ስለዚህ ባልዲውን ማስቀመጥ እንጂ ስለ ጣራው መጠየቅ አልተማርንም። ባሕሩን ተሻግረን ስንመጣ ባልዲውን ይዘን መጣን።

እንግዲህ ትዕግሥት ምንድር ነው? በእኔ አስተያየት ትዕግሥት ሰው በራሱ ላይ የመጣውንና ሊያስቀረው የማይችለውን መከራ ልቡን ሳያመርር መሸከም ነው። ስለዚህ ሁለት ወሰን አለው። አንደኛ፣ ሊጠገን የሚችለውን ነገር ሳይጠገን መተው ትዕግሥት ሳይሆን ስንፍና ነው። ሁለተኛ፣ ሰው የሚታገሠው የራሱን መከራ እንጂ የሌላውን አይደለም። በእኔ ዝምታ የሚጎዳው ጎረቤቴ ወይም ከእኔ በኋላ የሚገባው ሰው ከሆነ፣ የእኔ ዝምታ የእርሱን መከራ እንደ መፍቀድ ይቆጠራል እንጂ ትዕግሥት ሊባል አይገባውም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። አፍ በዝምታ አይነቅዝ ይሆናል፤ ቤት ግን ይነቅዛል።

ይህን ያስተማረኝ የገዛ ሥራዬ ነው። በሰኔ ወር 1999 ዓ.ም. ሌላ ቤት አግኝተን ስንለቅ፣ ስንገባ ያስያዝነውን የመያዣ ገንዘብ ማስመለስ ነበረብን። ግድግዳው እንዲያ ሆኖ ከታየ «እናንተ ናችሁ ያበላሻችሁት» ተብሎ ገንዘቡ እንዳይቀርብን ፈራሁ። ስለዚህ አንድ ጣሳ ነጭ ቀለም ገዝቼ፣ ሻጋታውን ፍቄ፣ ሁለት ጊዜ ቀባሁበት። ግድግዳው እንደ አዲስ አበራ። የቢሮው ሰው ዞሮ አየ፤ ገንዘቡም ሳይጎድል ተመለሰልን። በዚያ ቀን ብልህ የሆንሁ መስሎኝ ነበር።

ከሁለት ወር በኋላ ከአገር ቤት የመጣ አንድ ቤተ ሰብ በአጥቢያችን ታየ። ባልና ሚስት ናቸው፤ የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው። የት እንደ ተከራዩ ብጠይቃቸው የሕንፃውን ስም ጠሩ፤ የቤቱን ቁጥር ሲነግሩኝ ደነገጥሁ። እኔ የለቀቅሁት ቤት ነው። ኅዳር ሲገባ ሕፃኒቱ በቅዳሴ መካከል ስታስል እሰማ ነበር። የሳሏ ምክንያት ያ ግድግዳ ነው ብዬ አልመሰክርም፤ ሐኪም አይደለሁም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2004 የአሜሪካ የሕክምና ተቋም ባወጣው ጥናት የቤት ውስጥ እርጥበትና ሻጋታ ከሳልና ከአስም መባባስ ጋር ግንኙነት እንዳላቸው ተረጋግጧል። እኔ ደግሞ ከቀለሙ ሥር ያለውን የማውቅ ብቸኛው ሰው ነበርሁ።

አንዳንዱ «ብንናገርስ ማን ይሰማናል? ሕጉ የባለ ሀብት ነው» ይል ይሆናል። በዚህች ከተማ ግን ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። በ14ኛው መንገድ አጠገብ ክሊፍተን ቴራስ የሚባሉ የአፓርታማ ሕንፃዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1966 ጥቂት ተከራዮች ኪራይ አልከፈላችሁም ተብለው ሲከሰሱ፣ በሕንፃዎቹ ውስጥ 1,500 ያህል የቤት ደንብ ጥሰት መኖሩን እናስረዳ አሉ። የሥር ፍርድ ቤት ይህን ማስረጃ አልሰማም አለ። በጥንቱ ሕግ አስተሳሰብ ተከራይ የሚከራየው መሬቱን ስለ ሆነ የቤቱ ጉድለት የራሱ ዕዳ ነበር። ነገሩ በይግባኝ ቀርቦ እ.ኤ.አ. በ1970 ዳኛው ጄ. ስኬሊ ራይት ይህን ሻሩት። የከተማ ሰው የሚከራየው እርሻ አይደለም፤ ሙቀት፣ ብርሃን፣ ደኅና ቧንቧ፣ የሚዘጋ በርና ተገቢ ጥገና ነው፤ ስለዚህ አከራይ ቤቱን ለመኖሪያ የሚበቃ አድርጎ የመጠበቅ ግዴታ፣ በውሉ ባይጻፍም እንኳ፣ አለበት፤ የኪራዩም ክፍያ ከዚሁ ግዴታ ጋር የተያያዘ ነው ሲሉ ፈረዱ። ይኸው ዳኛ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ ስለ ቤቷ ጉድለት ለከተማው አመልክታ ተቆጣጣሪዎች ከ40 የሚበልጡ ጥሰቶች ያገኙላትን ተከራይ፣ አከራይዋ በበቀል ሊያስወጣት አይችልም ብለው ፈርደው ነበር።

እነዚህ ተከራዮች ከእኛ ይልቅ ብዙ የሚታገሡት ነገር የነበራቸው ድኾች ናቸው። ዛሬ በዋሽንግተን አከራይ ቀን ቀን ቢያንስ 68 ዲግሪ ፋራናይት ሙቀት የመስጠት ግዴታ ያለበት፣ ተከራይ ካመለከተ በኋላ በስድስት ወር ውስጥ የሚወሰድበት የማስወጣት እርምጃም እንደ በቀል የሚገመተው፣ እነርሱና እነርሱን የመሰሉ ዝም ስላላሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የከተማይቱ የቋንቋ ሕግ ምክንያት አማርኛችን የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ከሚያስተናግዷቸው ቋንቋዎች አንዱ ሆኗል። ከ2010 ወዲህ ደግሞ የከተማይቱ ፍርድ ቤት የጥገና አቤቱታ ብቻ የሚሰማበት ችሎት አለው። እኛ ያልተከልነውን ዛፍ ጥላ ተጠልለናል፤ ጥላውን መጠቀም ከፈራን ግን ለሚቀጥለው ምን እንተውለታለን?

በሌላው ወገን ያለውን ስሕተትም መዝለል አይገባም። በአከራዩ ተናድዶ ኪራዩን ለራስ ጉዳይ ማዋል፣ ወይም «የእኔ አይደለም» ብሎ በሩን መስበርና ቆሻሻን በደረጃ ላይ መጣል ፍትሕ አይደለም። ፍርድ ቤት በክርክር ጊዜ ኪራዩ በእርሱ ዘንድ እንዲቀመጥ ሊያዝዝ ይችላል፤ በዚህ መንገድ ተከራዩ የሰው ገንዘብ አይበላም፣ አከራዩም ያልሰጠውን አይቀበልም። ከሁሉ አስቀድሞ ግን ጉድለቱን ቀን ጠቅሶ በጽሑፍ ማሳወቅ፣ የጽሑፉንም ግልባጭ ማስቀረት የተከራይ ድርሻ ነው።

በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 14 ውስጥ ስለ ቤት ለምጽ የተሰጠ ሥርዓት አለ። በግድግዳው ላይ አረንጓዴ ወይም ቀይ የሆነ ነገር የታየበት ባለቤት ራሱ ወደ ካህኑ ሄዶ ይናገራል። ቤቱ ባዶ ይደረጋል፤ ሰባት ቀን ይዘጋል፤ ነገሩ ከሰፋ ደዌ ያለባቸው ድንጋዮች ወጥተው ከከተማ ውጭ ይጣላሉ፤ ግድግዳው ተፍቆ በሌላ ድንጋይና በሌላ ጭቃ ይሠራል። ተመልሶ ከወጣ ቤቱ ይፈርሳል። ይህን ባነበብሁ ጊዜ ሁለት ነገር ወጋኝ። የመጀመሪያው፣ ቀለም ቀባው የሚል ትእዛዝ አለመኖሩ ነው። ሁለተኛው፣ የመናገር ግዴታ በባለቤቱ ላይ መጣሉ ነው።

ይህ ሁለተኛው ዛሬ ወደ ብዙዎቻችን ይመለከታል። በእግዚአብሔር ቸርነት ከመካከላችን ቤት የገዙ፣ ምድር ቤታቸውንም አዲስ ለሚመጡ ወገኖች የሚያከራዩ አሉ። ያ ምድር ቤት እሳት ቢነሣ የሚወጣበት መስኮት አለውን? ማሞቂያውስ ይደርሰዋልን? ተከራዩ «ጋሼ» እያለ ስለሚያከብረን፣ ውልም ስለሌለው፣ እንግሊዝኛም ስለማይችል ዝም ቢል፣ ዝምታውን ትዕግሥት ነው ብለን ልንደሰትበት ነውን? ትናንት ከቢሮው ጸሐፊ ፊት ቆመን የተሰማንን ዛሬ በእኛ ፊት የቆመው እንደሚሰማው ማሰብ ይገባናል።

የጀመርሁትን ልፈጽም። እውነቱን ለዚያ ቤተ ሰብ ለመንገር አራት ወር ፈጀብኝ። በጥር ወር 2000 ዓ.ም. አንድ እሑድ እናቲቱን ለብቻ ጠርቼ ስለ ግድግዳውና ስለ ቀለሙ ነገርኋት። አልተቆጣችም። ጥቂት ዝም ካለች በኋላ፣ «ሻጋታውስ ከወጣ ቆየ፤ በየቅዳሜው በበረኪና አጥበዋለሁ። እኔ ቤት መያዝ የማላውቅ ሆኜ መስሎኝ ነበር» አለችኝ። ለካስ የእኔ ዝምታ ጥፋቱን በእርሷ ላይ ጥሎት ኖሯል።

በዚያው ሳምንት ደብዳቤ ጻፍን፤ እኔም ከዚህ ቀደም ሁለት ጊዜ እንዳመለከትሁ በስሜ መሰከርሁ። ደብዳቤውን ይዘን በየበሩ ስናንኳኳ በአምስተኛው ፎቅ ያሉት እናት ብዕሩን ተቀብለው በአማርኛ ፊደል ፈረሙ። ቀድሞ ያሉኝን አስታውሼ ባያቸው፣ «ብቻዬን ፈርቼ ነው እንጂ ልጄ፣ ብርዱን ወድጄው መሰለህ?» አሉኝ። የሳልቫዶር ሰዎችም ፈረሙ፤ ዐሥራ አራት ቤት ሆንን። የከተማው ተቆጣጣሪ መጣ፤ ግድግዳው ተከፈተ፤ የሚያፈሰው ቧንቧ ተገኝቶ ተለወጠ። ቦይለሩ ግን ሌላ አንድ ዓመት ክርክር ፈጀ።

ስለዚህ በሚቀጥለው እሑድ በቡናው ላይ የቤት ነገር ሲነሣና «መታገሥ ነው» ስንባባል፣ አንድ ጥያቄ እንጨምርበት፤ የምንታገሠው የማንን መከራ ነው? የራሳችን ከሆነ መልካም። የሌላ ሰው ከሆነ ግን ቡናው ሳያልቅ ወረቀትና ብዕር እንፈልግ።